መሃል ላይ ያለው ጥላ

ሰኞ፣ ሰኔ 25

አባባን መብራት ነዘራቸው።

ደህና ናቸው። ከሥራ ስገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጨብጠው አገኘኋቸው። የራስጌው መብራት ወለሉ ላይ ተጋድሟል። አምፖሉ ተቃጥሏል ብለው ሊቀይሩት ፈቱት፤ ማጥፊያውን ግን አልተጫኑም፤ ጣታቸው አምፖሉ የሚሰካበት ሆልደር ውስጥ ገባ።

«ዕድሜዬን ሙሉ በስፌት መኪና መርፌ ሳልወጋ ኖሬ፣ አሁን አምፖል ይግደለኝ?» አሉና ሳቁ። 

ተቃጥሏል ያሉትን አምፖል ከመጣሌ በፊት ሳሎን ውስጥ ሞከርኩት። ይሠራል። ሆልደሩ ላይ ላልቶ ነበር ማለት ነው።

ወንድም ጋሼ ማታ ሲደውል ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር። «ዝናቡ ጋብ ይበልና መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» አለ። «በነሐሴ የመጨረሻዋ ቅዳሜ። መኪናዋንም ሸጠን እንገላገላለን።» የስፌት መኪናዋን ማለቱ ነው። እሱ ያለበት ከተማ የሙሉ ቀን መንገድ ነው።

አባባ ከጎኔ ሆነው ይሰማሉ። «ብርሃን ያለው ጠረጴዛ ይኑረኝ እንጂ ከዚህ ቤት የትም አልሄድም በይው» አሉኝ። አልኩት።

«ብርሃኑን ማን ይሰጣቸዋል? አንቺ እንደሆንሽ ማታ ማታ ጋዜጣሽ ጋ ነሽ» አለኝ።

 


ረቡዕ፣ ሰኔ 27

አባባ ማብሪያ አይነኩም። ክፍላቸው ውስጥ ያለውን ሶኬት በካርቶን ሸፍነው ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈውበታል። ሲመሽ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። የተጀመረ ሱሪ መኪናዋ ላይ እንደተሰካ አለ። «እጄ ያውቀዋል» ይላሉ፤ ግን አይነኩትም።

ወደ ብየዳ ሄድኩ። ብየዳ ስሟ አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። አብረን ነው የተማርነው። አሁን መታጠፊያው ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትጠግናለች፤ መበየጃ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም።

«የማይነዝር መብራት አለ?» አልኳት።

«ሻማ።»

«የምሬን ነው።»

«እኔስ ቀለድኩ? በይ ቁጭ በይ። አስራ ሁለት ቮልት ይሠራላቸው። የግድግዳውን ጉልበት አዳፕተሩ ተቀብሎ ያበርደዋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሽቦ ቢጨብጡት እንኳ አይሰማቸውም።»

«እኔ እሠራዋለሁ።»

መበየጃዋን አስቀመጠች። «አንቺ? ነጠላ ሰረዝ ስትለቅሚ የኖርሽው?»

«አሳዪኝ እንጂ አትስደቢኝ።»

«ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የምሰጠው» አለች።

ቮልት የሚለውን ቃል በጋዜጣው ላይ ስንት ጊዜ እንዳረምኩት አላውቅም። ፊደሉን እንጂ ነገሩን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ አነበብኩ። እንደ ውሃ ግፊት ነው፤ ታንከሩ ከፍ ባለ መጠን ውሃው በኃይል ይወርዳል። እኛ ታንከሩን ዝቅ ልናደርገው ነው። እንዲህ ቀላል ነገር ሳላውቅ መኖሬ ገረመኝ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 30

የመጀመሪያውን ሠራሁ!

ብየዳ የሰጠችኝ ኤልኢዲ የሚሉት መብራት እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር የሚጠቀለል ጥብጣብ ነው። በየሦስት መብራቱ የመቁረጫ ምልክት አለው፤ ከምልክቱ ውጪ ከቆረጡት ያ ቁራጭ አይበራም። አንድ አበላሸሁ። ከድሮ መጋረጃ ሐዲድ የአልሙኒየም ቁራጭ ወስደን ጥብጣቡን ሆዱ ውስጥ ለጠፍነው። አልሙኒየሙ ለማማር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሙቀቱን ጠጥቶ ለመብራቱ ዕድሜ የሚሰጠው እሱ ነው። በመበየጃው አውራ ጣቴን ተቃጠልኩ። ብየዳ «አሁን ተመረቅሽ» አለችኝ።

አባባ «ያ የግድግዳ ነገር ክፍሌ አይገባም» ስላሉ አዳፕተሩ ሳሎን ቀረ። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በግድግዳው ጥግ አዙሬ፣ በበሩ ሥር አሳልፌ፣ እስከ ስፌት ጠረጴዛው ወሰድኩት።

ሳሎን ውስጥ ስሞክረው እንደ ቀትር አበራ። አባባ ክፍል ሲደርስ ባትሪው ያለቀ የእጅ መብራት ሆነ።


እሑድ፣ ሐምሌ 1

ብየዳ ቮልቱን በቴስተር ለካችው። አዳፕተሩ አፍ ላይ አስራ ሁለት። መብራቱ ጋ ዘጠኝ። ሦስቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀረ።

«የት ሄደ?»

«ሽቦው በላው። ቀጭንና ረጅም ነዋ። ዝቅተኛ ቮልት መንገድ አይችልም፤ ሽማግሌ በይው። ወይ አጭር መንገድ ስጪው ወይ ሰፊ።»

ወፍራም ሽቦ ዘረጋን። በራ። ሽቦው የሚበላው መሆኑን እያሰብኩ አመሸሁ። ከሳሎን እስከ አባባ ክፍል ይህን ያህል ርቀት አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

አባባ መብራቱን መጀመሪያ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የሱፍ ጨርቅ እንደሚፈትሹ። «ለብ ያለ ነው። አይናከስም» አሉ። ራሳቸው አበሩት። ራሳቸው አጠፉት። እንደገና አበሩት። ደስ አለኝ።

ከዚያ ሱሪውን ዘረጉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ነው። መሃሉ ላይ ብቻ ጥላ አለበት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አልታየኝም። መብራቱ በአንድ ወገን ስለሆነ የእጃቸው ጥላ ይሆናል። ይስተካከላል።


ሰኞ፣ ሐምሌ 9

ቸኩያለሁ። ፊተኛው ገጽ ላይ ከፎቶ ሥር የሰውየው ማዕረግ ተሳስቶ ወጣ። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ዋና አዘጋጁ ጠራኝ። «አንቺ እንኳ?» አለኝ፤ ሌላ ምንም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ገጹን ሳነብ በህዳጉ ላይ የመብራት ንድፍ እየሳልኩ ነበር።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

ሁለተኛው። አሁን ጥብጣቡ በግራም በቀኝም ነው። አንዱ የሚጥለውን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል። ነጭ ወረቀት ላይ እጄን ዘርግቼ ሞከርኩ፤ ጥላው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ለማመን ደጋግሜ አየሁት። ብርሃንን በብርሃን ማረም ይቻላል!

አባባ፣ «ተሽሏል» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «መሃሉ ግን...»

ሱሪው ዛሬ አለቀ። ባለቤቱ፣ ከጀርባችን ያለው አስተማሪ፣ መጥቶ ወሰደው። ኮሪደሩ ላይ ለሚስቱ ሲያሳያት ሰማሁ፦ «ሰማያዊ ሱሪ ላይ ጥቁር እራፊ! አይ አባባ፤ ቀልድ ጀመሩ እንዴ?» ሚስቱ «ዝም በል፣ ይሰሙሃል» አለችው።

ጨርቅ የሚገዙበት ሱቅ ቀለም እያሳሳተ መሆን አለበት።


ሰኞ፣ ሐምሌ 16

አባባ ተቀይመውኛል መሰለኝ። ስናወራ ዓይኔን አያዩም። ጆሮዬን፣ ትከሻዬን፣ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያዩት። ወንድም ጋሼን አልተከራከርኩላቸውም ብለው ይሆናል። ወይም ማታ ማታ ስለማልኖር። ልጠይቃቸው ብዬ ተውኩት። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ መጠየቅ ለራስ ምሕረት መለመን ይሆናል።


ዓርብ፣ ሐምሌ 20

አባባ ጋዜጣውን አጥፈው አስቀመጡት። «ማተሚያ ቤታችሁ ቀለም እየቆጠበ ነው? ፊደሉ ሳስቷል።»

እኔም ዝም አላልኩም። ማተሚያ ቤቱ ፎርማን ድረስ ሄድኩ። ሰውየው የዛሬውንና የሰኔውን ቅጂ ጎን ለጎን ዘረጋልኝ። አንድ ናቸው።

«ማነው ሳስቷል ያለሽ?»

«አንድ አንባቢ።»

«ለአንባቢሽ መነጽር ግዢለት» ብሎ ሳቀብኝ።

መነጽራቸውን ጠረግሁላቸው። በጣም ቆሽሾ ነበር። ይኸው፤ መፍትሔው አንዳንዴ ከሳሙና አያልፍም።


ሰኞ፣ ሐምሌ 23

ሦስተኛው፤ እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው የሚያምረው።

ችግሩ ይህ ነበር፦ ኤልኢዲዎቹ ነጠብጣብ ናቸው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ትንንሽ ጥላ ይጥላል፤ ምናልባት አባባ የሚያዩት የነዚያን ድምር ነው። ብርሃኑ እንዲሰራጭ ከፊቱ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ላስቲክ ሞከርኩ፤ አብለጨለጨ። ነጭ ጨርቅ ሞከርኩ፤ ግማሹን ብርሃን ዋጠው። በመጨረሻ ከአባባ መሳቢያ የልብስ ቅድ የሚያወጡበትን ስስ ወረቀት አወጣሁ። ነጠብጣቦቹ ጠፉ። የቀረው አንድ ወጥ፣ ለስላሳ፣ የጠዋት ብርሃን ነው።

ብየዳ ሳይቀር ዞራ ዞራ አየችው። ከዚያ፣ «ይህን ሱቄ ላይ ልስቀለው፤ እኔ ሠራሁት እላለሁ» አለች።

አባባ ከሥሩ ተቀመጡ። የቅድ ወረቀቱን በጣታቸው አወቁት። «የኔ ወረቀት! ምነው፣ ጃኬት ልታለብሺው ነው?» ሳቅን። ብዙ ጊዜ ሆኖናል እንዲህ ከሳቅን።

ጨርቁን ዘረጉ። 

«አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅርታ ልጄ። አለ።»


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 28

ጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ አባባ ከወንድም ጋሼ ጋር በስልክ። «እሷ እየሠራችልኝ ነው። ቆይ። አይደለም፣ አልወደቅሁም፤ ማን ነው ወደቀ ያለህ?... እኔ ስሄድ እሷ ብቻዋን ምን ትሆናለች?... ቆይ እላለሁ!»

ማን እንደወደቀ አልጠየቅኳቸውም። ጉልበታቸው ላይ ግን ቁስል አለ። የወደቁት ከክፍላቸው ወደ ሳሎን ሲወረድ ያለው አንድ ደረጃ ጋ ነው፤ ደሙን ወለሉ ላይ አይቼዋለሁ፤ ዝም ብዬ ጠረግሁት። እዚያ ጨለማ ነው። መብራቱ እስኪያልቅ ነው።

ስለ እኔ ብቻዬን መቅረት የሚያወሩት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ሥራ አለኝ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

ዛሬ ነገሩን በሥርዓቱ ልያዘው አልኩ። ስሕተት ሲደጋገም የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ መከተል ነው፤ በጋዜጣ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ከጽሑፉ ነው? ከፊደል ለቀማው ነው? ከማተሚያው ነው?

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋሁ። «አባባ፣ ጥላውን በጣትዎ ይጠቁሙልኝ።»

ጠቆሙ። እዚያ በሳሙና ክብ ሠራሁ።

መብራቱን ወደ ግራ አንቀሳቀስኩ። «አሁንስ?» ያው ክቡ ላይ።

ወደ ቀኝ። ያው።

ጨርቁን ከሥሩ ሳብኩት፤ ክቡ ተንሸራቶ ሄደ። ጣታቸው ባለበት ቀረ።

መብራቱን አጠፋሁት። በመስኮት የቀን ብርሃን ይገባል። «አሁን መብራቱ የለም። አሁንስ?»

 ከዚያ ራሳቸውን ወደ እኔ መለሱ። ከስንት ሳምንት በኋላ ዓይኔን ቀጥ ብለው አዩኝ።

«አሁን አንቺ ላይ ነው» አሉ።


እሑድ፣ ነሐሴ 6

መጻፍ አልቻልኩም ነበር።

ሐሙስ ለት የዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ በመሣሪያዋ ብዙ አየቻቸው። መሃሉ አርጅቷል አለችን፤ ሁለቱም ዓይን፣ አንዱ ይብሳል። የጠፋው አይመለስም። ዳር ዳሩ ግን ደህና ነው፤ እንደዚያው እንደሚቆይም ተስፋ አላት። መጥታችሁ አሳዩኝ አለች፤ በየጊዜው።

«ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ እስከ ዛሬ?» አልኳት። ጥያቄው ለእሷ አልነበረም።

ስንመለስ በእግር ነበር። ክንዴን ያዙኝ። ይህን ያህል ጊዜ ክንዴን ሳይዙኝ እንዴት መንገድ ያቋርጡ እንደነበር አላውቅም።

«ያውቁ ነበር?»

«መጠርጠር ሌላ ነው፤ ማወቅ ሌላ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም? ሦስት መብራት ነው የሠራሁት አባባ!»

ጥቂት ሄድን። «ከሁለት አንዱ ተበላሽቷል፤ ወይ መብራቱ ወይ ዓይኔ። እኔ መብራቱን መረጥኩ። አንቺም ከልብሽ ስትይዢው አመንኩ። በእያንዳንዱ መብራት፣ ይኸኛው ይሆናል እል ነበር።»

ከዚያ፣ «ሦስተኛው ግን ያምር ነበር» አሉ። «ዳሩን አይቼዋለሁ።»

ወንድም ጋሼ ማታ ደወለ። «መብራቱ አለቀ?» አለኝ። «አላለቀም» አልኩት። ሐሰት አይደለም። የቀረውን አልነገርኩትም። ዓይናቸው የእሳቸው ነው፤ ራሳቸው ይንገሩት። እንደዚያ ብዬ ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ ዋና አዘጋጁን ጠዋት ጠዋት ልሁን አልኩት። የፊተኛውን ገጽ አጣዋለሁ ማለት ነው፤ እሱ ማታ ነው የሚዘጋው። «የአየር ጠባይና የሟቾች ዜና ይሰለችሻል» አለኝ። «ስሕተት የማይወዱት እነሱ ናቸው» አልኩት። ፈቀደ።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12

እስከ ዛሬ ለጠረጴዛው ነበር የምሠራው። ጠረጴዛው ምንም አልጎደለውም።

አባባን ክፍሉ መሃል ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በአንድ እጄ የበራውን ጥብጣብ፣ በሌላው ሜትር ይዤ ዞርኳቸው።

«ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ፊት ለፊት ይዩ። አይንቀሳቀሱ።»

«ይህን ስል የኖርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልክ ልትወስጂ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሜትሩን አንገትሽ ላይ አድርጊዋ! ልብስ ሰፊ ሜትር በእጁ ይዞ አይዞርም።»

አንገቴ ላይ አደረግሁት። ከግራ በኩል ቀስ ብዬ መጣሁ። «አለሽ... አለሽ... አሁን ጠፋሽ።» ከወለሉ ላይ። «አለሽ፤ በደንብ።» ከላይ። «ያ ፊቴን ይረጨኛል፤ አውርጂው።» በየቦታው ከዓይናቸው ያለውን ርቀት ለካሁ፤ ወለሉ ላይ በሳሙና ምልክት አደረግሁ። ብየዳ ደረሰችና በሩ ላይ ቆማ ታየን ጀመር። «ይህ ቤት እብድ ሆኗል» አለች፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ የሽቦውን ጫፍ ያዘችልኝ።

ብዙ ነገር ተማርኩ። ዓይን ላይ የሚበራ መብራት ጠላት ነው፤ ራሱ ተደብቆ ነገሩ ላይ የሚያርፍ ብርሃን ወዳጅ ነው። ነጭ ሲኒ በነጭ ጠረጴዛ ላይ የለም ማለት ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ከሥሩ ሲነጠፍ ይመጣል። ብርሃን ሲበዛ ያያሉ ብዬ ነበር። ብርሃን መብዛት የለበትም፤ ቦታውን ማወቅ ነው ያለበት። አባባ ቀጥ ብለው ያዩት ነገር ይጠፋል፤ አጠገቡን ካዩ እሱ ይመጣል። ይህን የዓይኔን መሃል በጣቴ ከልዬ ሞከርኩት። ከባድ ነው። እሳቸው ማንም ሳያስተምራቸው ለምደውታል፤ እኔ ግን ኩርፊያ አልኩት።


ዓርብ፣ ነሐሴ 18

ችኮላ። የደረጃው ከንፈር ሥር ጥብጣብ ገባ፤ ብርሃኑ ወደ ታች። የበሩ ሁለት ጎኖች። የአልጋው ሥር። ለእያንዳንዱ ከአዳፕተሩ የየራሱ ወፍራም ሽቦ፤ አንዱን ከሌላው ጫፍ ስቀጥል የመጨረሻው ደብዝዞ ነበር። ብየዳ «ነግሬሽ ነበር» አለች። አልነገረችኝም። እሷም ረስታው ነበር።


እሑድ፣ ነሐሴ 20

ጓዳ ውስጥ የውሃ ብርጭቆዎቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ጀርባ አንድ አደረግሁ። ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ውሃው በብርጭቆው ውስጥ ከፍ ሲል ጠርዙ እንደ መስመር ይታያል። አባባ ሦስቴ ቀድተው ሦስቴ ደፉት፤ ከዚያ ሞልተው አቆሙ። ጠብታ አልፈሰሰም።

ስለ ሥራ አወራን። ጥቃቅን ስፌት አበቃ፤ ራሳቸው ናቸው ያሉት።  «ቀጥ ያለ ስፌት ግን ዓይን አይፈልግም። የትራስ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የሱሪ ጫፍ። ጨርቁ የሚደገፍበት ነገር ካለ እግሬና እጄ ይበቃሉ።» ብየዳ ለስፌት መኪናዋ ከመርፌው አጠገብ የብረት ጠርዝ አሰረችላት፤ ጨርቁ እሱን እየታከከ ይሄዳል። መብራቱን በግራ በኩል፣ ዝቅ አድርጌ፣ እሳቸው በማያዩት ቦታ ሰወርኩት።

አንድ የትራስ ልብስ ሰፉ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ብሰፋው እንደዚያ አይሆንም።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 26

ወንድም ጋሼ መጣ። ባዶ ሻንጣ ይዞ፣ ትልቁን።

አመሻሽ ላይ ነበር የገባው። አባባን አቅፎ ሳመ፤ እኔን ሳመኝ፤ ዞር ዞር ብሎ ቤቱን አየ። «ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ወለሉን ነው የምታበሩት? የሰው ቤት መብራት ጣሪያ ላይ ነው!» ወደ አባባ ክፍል ሲሄድ ጣሪያውን እያየ ስለነበር ደረጃውን ስቶ ተደናቀፈ። አባባ «ቀስ በል፣ መብራት አለ እኮ» አሉት። ብየዳ ብትኖር ኖሮ አንድ ሳምንት ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። 

አባባ ክፍል ተቀመጥን። ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ነገ በጠዋት እንነሳለን» አለ ወንድም ጋሼ። «ክፍልዎ ተዘጋጅቷል። ልጆቹም ይጠብቃሉ።»

አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ወደ እሱ ዞሩ፤ ትንሽ ወደ ጎን፣ በሚያዩበት በኩል።

«የዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል» አሉት። «አይመለስም። ሐኪም አይታዋለች።»

ወንድም ጋሼ መጀመሪያ እኔን አየኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ዝም አልሽኝ?»

«እኔ ነኝ ዝም ያልኩት» አሉ አባባ። «እሷን ተዋት። እኔን ጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅ? እንግዲያማ ጭራሽ መሄድ አለብዎት! ማየት የማይችል ሰው እዚህ ብቻውን፣ እሷ ሥራ ውላ...» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ወንድም ጋሼ ሲያለቅስ ያየሁት በልጅነታችን ነው። ሊነጥቀኝ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱም ፈርቶ ነው ለካ።

 «ውሃ ጠማህ?» አሉት አባባ።

«አልጠማኝም።»

«ጠምቶሃል። የቀን መንገድ ነው የመጣኸው።»

ተነሱ። ልከተላቸው ብዬ ወንበሩን ገፋሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ወንድም ጋሼም ተነሳ፤ እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። አባባ የበሩን ብርሃን በግራ ትከሻቸው ይዘው አለፉ። ደረጃው ጋ ቆም አሉ፤ ወደ ታች አላዩም፤ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ አይተው ወረዱ። ጓዳ ውስጥ የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። የውሃ ድምፅ። ድምፁ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። 

ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዘው ተመለሱ። እስከ አፉ አልሞላም፤ አልጎደለምም። ወንድም ጋሼ እጅ ላይ አደረጉት፤ እጃቸውን አንዴ ዘርግተው እጁን አገኙት።

ጠጣው። ሁሉንም።

«ያንተ ቤት መብራቱ መሃል ነው» አሉት አባባ። «ጣሪያው መሃል፣ ጠረጴዛው መሃል። እኔ ደግሞ መሃል የለኝም። እዚህ ግን ዳር ዳሩን ነው ያበራችልኝ። ልክ ወስዳ ነው የሠራችው። ስንቱን ሰው ስለካ ኖርኩ፤ እኔን የለካኝ አልነበረም።»

 ወንድም ጋሼ ተነስቶ ደረጃው ጋ ሄደ፤ ተንበርክኮ ከንፈሩን በጣቱ ዳሰሰ። ጥብጣቡን ነካው፤ ቶሎ እጁን ሰበሰበ።

«አይነዝርም» አልኩት።

መልሶ ነካው። ብዙ ጊዜ እንደተንበረከከ ቆየ። ሽቦው ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደወፈረ፣ መብራቱ ለምን እንደተደበቀ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት። ስንት ዓመት ሆኖናል እንዲህ ካወራን።

«አንቺ ጠዋት ብቻ ነሽ አሉ አሁን?»

«ጠዋት ብቻ።»

«ከሰዓት በኋላ እዚህ ነሽ?»

«እዚህ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ያለሁበት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ረጅም ነው። እዚያስ ይሠራል?» አለኝ።

«የሚወጣበትን ሰው ደረጃው ላይ ካላየሁ አልሠራም።»

አባባ ከውስጥ ሰምተዋል።

«እመጣለሁ» አሉ። «ነገ አይደለም፤ መንገዱ ሲደርቅ። ለልክ እመጣለሁ፤ ከዚያ ትመልሰኛለህ።»

ወንድም ጋሼ «እመልስዎታለሁ» አለ።

አሁን አባባ ክፍል ተኝቷል፤ ወለሉ ላይ፣ ፍራሽ አንጥፎ። የአልጋው ሥር መብራት ፊቱ ላይ ነው፤ «አጥፉልኝ» ብሎ ይነጫነጫል። አባባ «እኔ ልነሳ ብፈልግስ?» እያሉ አያጠፉለትም።